ላንድ ክሩዘር 105፦ ማርሚታውን አስቆርጬ ቀጥታ ቱቦ ላስገባ? ሐረጎ ላይ ጉልበት አጣሁ

የጦሳ_ሥር
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በሳምንት አምስት ቀን በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጠዋት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መኪናዬ ላንድ ክሩዘር 105 ነው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው። ከአባቴ የወረስኩት ስለሆነ በቀላሉ የምነካካው መኪና አይደለም።

ከመስከረም ወዲህ ዳገት ላይ ከዳኝ። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምጨርሰውን አቀበት አሁን ሁለተኛ አስገብቼ ነው የምወጣው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ እረግጣለሁ፣ መኪናው ግን አይሰማኝም። ጭሱም ጠቆር ብሏል። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም።

አንድ ጋራዥ ወስጄው ከሥር አዩትና «ማርሚታው (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የድምፅ ማፈኛ) አፍኖታል፤ ቆርጠን እንጣለውና ሦስት ኢንች ቀጥታ ቱቦ እስከ ኋላ እንግጠምልህ፣ ያኔ ይተነፍሳል» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ወፈር ያለ ድምፅም ደስ ይለኛል። ግን የአባቴን መኪና በግራይንደር ከማስቆረጤ በፊት የሠራችሁትን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሌላው ስጋቴ ቁልቁለቱ ነው። ጭስ ማውጫው ሲሰፋ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ይተዋል የሚል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ቦርከና_ናፍጣ
ወንድሜ፣ ግራይንደሩ ትንሽ ይቆይ። ኮምቦልቻ ውስጥ መካኒክ ነኝ፣ አብዛኛው ሥራዬ ናፍጣ ነው።

ከቦታው ልጀምር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለህ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ያንተ ግን ያገኘውን ብቻ ነው የሚስበው። ፋብሪካው ለ1ኤችዜድ የሚሰጠው 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፣ እሱም በባሕር ጠለል። ፒያሳ ስትደርስ እጅህ ላይ የሚቀረው መቶ አካባቢ ነው። በዚህ ነው ከሁለት ቶን በላይ ብረት የምትጎትተው። በከፍታ የሄደውን ጉልበት ማርሚታ መቀየር አይመልሰውም።

ነገር ግን ሐረጎ ከመስከረም ወዲህ ከፍ አላለም። መኪናህ አምና ይወጣው የነበረውን ዘንድሮ ካቃተው የተለወጠ ነገር አለ፤ መፈለግ ያለብህ እሱን ነው። ጭሱ ጠቁሯል ማለትህ ደግሞ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ማለት ለገባው ናፍጣ የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው። አየር ሲያጥር እኔ መጀመሪያ የማየው መግቢያውን ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ብርሃን ያዘው። በባቲ ወይም በደላንታ በኩል አቧራ ውስጥ ነድተህ ከነበረ ሌላ ምርመራ ላያስፈልግህም ይችላል።

ቀጥሎ ገመዱን እይ። በ1ኤችዜድ ላይ ፔዳሉን ከናፍጣ ፖምፓው ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ ነው። ሲያረጅ ይላላል፤ አንተ ወለሉን ረግጠህ ፖምፓው ላይ ያለው ምላስ ግን ሙሉውን አይሄድም። ሞተሩን አጥፋ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ሙሉ ይርገጥ፣ አንተ ምላሱ ማቆሚያው ብሎን ድረስ መድረሱን ተመልከት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ያኔ ወደ ጭስ ማውጫው እንሂድ። እሱም ቢሆን ሳይቆረጥ ይመረመራል። የፊተኛውን ፍላንጅ (ቱቦዎቹ በቡሎን የሚጋጠሙበትን) ፍታና ቱቦውን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ትኩሱ ጭስ ሽቦና የፍሬን ቱቦ ላይ እንዳይነፋ አድርገህ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተህ አጭር ዳገት ሞክረው። ጉልበቱ ከተመለሰ እውነትም ታፍኗል። ካልተመለሰ ጋራዡ ያለህ ነገር ልክ አይደለም፣ አንተም ገንዘብህን አተረፍክ።

ቪ8_ገራዶ
ቦርከና ያለው ልክ ነው፣ ግን ሰዉ ማርሚታ መቀየር ጥቅም የለውም ብሎ እንዳይሄድ። እኔ ላንድ ክሩዘር 200 ነው የምነዳው፤ 4.5 ሊትር ናፍጣ፣ ቪ8፣ ሁለት ተርቦ። ከተርቦዎቹ በኋላ ያለውን ቱቦ በሙሉ በሰፊ አስቀይሬያለሁ፣ ልዩነቱንም አይቻለሁ። ተርቦው ቶሎ ይነሳል፤ ከሐረጎ ጠመዝማዛ ወጥቼ እንደገና ስረግጥ እንደ ድሮው አይዘገይም። ድምፁም የጠበቅኩትን ያህል አልጮኸም። ማሻ አላህ፣ በጣም ነው የወደድኩት።

ቦርከና_ናፍጣ
@ቪ8_ገራዶ ያንተ እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። ተርቦ የሚሽከረከረው በጭሱ ግፊት ነው፤ ከተርቦው በፊት ያለው ግፊት ከበኋላው በበለጠ ቁጥር ውስጡ ያለችው ተሽከርካሪ በቀላሉ ትዞራለች። ስለዚህ በተርቦ መኪና ላይ ከተርቦው በኋላ ያለው መንገድ በሰፋ ቁጥር ይጠቅማል፣ ሙቀቱም ቀለል ይላል። ብዙ ጊዜ ተርቦው ራሱ ድምፁን ስለሚሰብረው መኪናው እንደ ተፈራው አይጮህም። ተርቦ የሌለው 1ኤችዜድ ግን ዙሩም ዝቅተኛ ነው፣ የሚያወጣው ጭስም ያን ያህል አይበዛም። የፋብሪካው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ ሦስት ኢንች አድርገህ የምታተርፈው ድምፅ ነው።

ሳልቫቲዮ_ሙሉ
«ሞተር ከኋላው የሚገፋ ግፊት ይፈልጋል፣ ካልሆነ ጉልበት ያጣል» የሚባለውስ? የእኔ ፓትሮል ነው፣ ቤንዚን። ጓደኛዬ የሱን ፓትሮል ማርሚታ አውጥቶ ዝቅተኛ ዙር ላይ ደከመበት።

ቦርከና_ናፍጣ
@ሳልቫቲዮ_ሙሉ ጓደኛህ ያየው እውነት ነው፣ የተሰጠው ምክንያት ግን የተሳሳተ ነው። መታፈን የሚጠቅመው ሞተር የለም። ቤንዚን ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሲሊንደር የወጣው ጭስ በፍጥነት ሲሄድ ከኋላው ስበት ይፈጥራል፣ ያ ስበት የሚቀጥለውን ሲሊንደር ባዶ ያደርግለታል። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ስበቱም ይጠፋል። እንግዲህ የጠፋው ፍጥነቱ ነው።

ለቤንዚን ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት) አጠገብ ያለችው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተራ ማርሚታ አይደለችም። ውስጧ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፤ ዋጋ አላት። «ይህቺ ናት ያፈነችው፣ እናውጣት» ከተባላችሁ አሮጌዋን በእጃችሁ ተቀበሉ። ከፊቷና ከኋላዋ ያሉት የኦክስጅን ሴንሰሮችም ስትነሳ ያውቃሉ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መርዙን ጋዝ የምታቃጥልላችሁ እሷ ናት።

ሲስተር_ሆጤ
መርዙ ጋዝ ስለተነሳ ልግባ። ነርስ ነኝ፣ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም፤ ስለሚያመጣው ሕመም ግን አውቃለሁ።

በከሰል ጭስ ታፍኖ የሞተ ሰው ወሬ ያልሰማ በአገራችን የለም። በር ተዘግቶ፣ ምድጃው በርቶ፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣውም ያው ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ከናፍጣ ይልቅ ከቤንዚን መኪና በብዛት ይወጣል፣ የናፍጣውም ጭስ ግን ለሳንባ አይበጅም።

ደሴ ብርድ ነው። ሰው ማታ መስኮቱን ዘግቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ማሞቂያ ከፍቶ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ጭስ ማውጫው ከሥር ተበስቶ ወይም አጥሮ ከሆነ ጋዙ ወደ ውስጥ ይገባል። መኪና ውስጥ ስትቆዩ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከመጣባችሁና ስትወርዱ ከተሻላችሁ፣ የጉዞ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት። አብራችሁ የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ላይ ካመማቸው ደግሞ ወዲያው ውረዱ፣ ሕክምና ሂዱ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ቀድመው ይጎዳሉ። እባካችሁ ስታሠሩ ይህን ለበያጁ ንገሩት።

በያጅ_ሸዋ_በር
ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። እኔ በያጅ ነኝ፣ ሥራዬ ይህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ቱቦው የሚያልቅበት ቦታ ዋና ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው ብረት ለመቆጠብ ወይም ድምፁ እንዲሰማ ብሎ መኪናው መሃል ላይ፣ በበሩ ሥር ያስቆርጠዋል። ይህን አታድርጉ። ትልቅ መኪና ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፣ ጭሱንም ወደ ኋለኛው በር ይስበዋል። የኋለኛው በር ላስቲክ አርጅቶ ከሆነ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ቱቦው ከአካሉ ውጭ ወጥቶ፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ዞሮ ማለቅ አለበት።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ የውሃ ቱቦ የሚገጥም አለ። ነጩ የውሃ ቱቦ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ያማል። ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ወባ ይመስለዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ደርሶብኝ ስለማውቀው አሁን ማንም ቢለምነኝ አልበይድም። ለጭስ ማውጫ የተሠራ ጥቁር ብረት ወይም የማይዝግ ስቴንለስ ይግዙ።

ማጠፊያው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቱቦ በግፊት ሲታጠፍ ክርኑ ላይ ይጨማደዳል፣ ይጠብባል። ሁለት ተኩል ኢንች ገዝተህ ክርኑ ላይ ሁለት ኢንች ከሆነ ምኑን ሰፋ? በጥሩ ማሽን የታጠፈ ክርን ካልተገኘ አጫጭር ቁራጮችን በትንሽ በትንሹ ሰያፍ ቆርጦ መበየድ ይሻላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ውስጡ ግን ስፋቱን አይለቅም።

ደግሞ በፍላንጅና በቡሎን አሠሩት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አታስበይዱ። ነገ ካምቢዮ ማውረድ ሲያስፈልግ መካኒኩ ግራይንደር ይዞ እንዳይመጣ። ከሻንሲው ጋር የሚያይዘው የጎማ ማንጠልጠያ ይሁን። ብረት ለብረት ከተበየደ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ማኒፎልዱ አጠገብ ይሰነጠቃል፣ የሲስተር ጋዝም በዚያ በኩል ይገባል። ከፍሬን ቱቦ፣ ከናፍጣ ታንክና ከስኮርታ ጎማው ራቅ ይበል። ፋብሪካው ያስቀመጣቸው የሙቀት መከላከያ ላሜራዎች ትርፍ ብረት አይደሉም፤ ይመለሱ።

ኤፍኤስአር_ሚሌ
የቁልቁለቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልመልስ። ኮምቦልቻ–ሚሌ–ጅቡቲ እሠራለሁ፣ ኤፍኤስአር፣ የኢሱዙ የጭነት መኪና ነው የምይዘው። የእኛ መኪና የጭስ ፍሬን አለው። ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለች ክዳን ስትዘጋ ጭሱ ታፍኖ ሞተሩን ይይዘዋል፣ ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል። ከዚህ የተነሳ ነው ሰው «ቱቦ ሲሰፋ መያዝ ይተዋል» የሚለው። ላንድ ክሩዘርህ ግን ያቺ ክዳን የለችውም። ቁልቁለት ላይ የሚይዝህ የሞተሩ የራሱ ጫናና ማርሽህ ነው። ማርሚታ ብትቀይርም ባትቀይርም በዚህ በኩል የሚታወቅ ለውጥ የለም።

የመኪናህን ነገር ትተን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ቤት መኪና በየቀኑ አያለሁ፣ ጎማው ሥር የሚሸተው ነገር ያስፈራኛል።

ጋሽ_አዝዋ
ልጆቼ፣ እኔ መኪና የለኝም። ቤቴ ግን መንገድ ዳር ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ከተማ ናት፤ ድምፅ ሲወጣ ተራራው መልሶ ያመጣዋል። ሌሊት በስድስት ሰዓት ባዶ ቱቦ የገጠመ መኪና ዳገቱን ሲወጣ የታመመ ይነቃል፣ ሕፃን ይነቃል። ለሱብሒ ወይም ለኪዳን የሚነሳ ሰው ያቺን እንቅልፍ አያገኛትም። መኪናችሁን አሳምሩ፣ ደስ ይበላችሁ። ማርሚታዋን ግን ተዉልን።

ቪ8_ገራዶ
ጋሼ እውነትዎን ነው። የእኔ ማርሚታው አለ፣ ያወጣሁት ትንሿን የመሃል ማርሚታ ነበር፤ እሷንም መልሻታለሁ። ለምን እንደመለስኳት ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ስሄድ፣ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስነዳ ጉምጉምታው ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። ሜዳው ላይ፣ ሁለት ሺህ ዙር አካባቢ፣ አያቋርጥም። ደብረ ብርሃን ስደርስ ባለቤቴ አታናግረኝም ነበር። ያቺ ትንሽ ማርሚታ የተቀመጠችው ያንን አንድ ድምፅ ለመግደል ነው።

ሐይቅ_ዳር
ከዋጋ አንጻር ልጨምር። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እንደ 105 ያለ መኪና ከእንግዲህ በቀላሉ አይተካም። ገዢ ሲመጣ ደግሞ ከሥር ገብቶ ያያል። የፋብሪካው ዕቃ በሙሉ ያለው መኪናና የተቆራረጠ መኪና አንድ ዋጋ አያወጡም። ምንም ነገር ብታሠራ የወጣውን ዕቃ በዘይት ጨርቅ ጠርገህ ቤትህ አስቀምጥ። ድምፁ የሚጨምር ሥራ ከሆነም ቦሎ ከማሳደስህ በፊት የምታስመረምርበት ቦታ ሄደህ ጠይቅ።

የጦሳ_ሥር
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከሥሩ ነበርኩ፣ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ፊልትሮውን ሳወጣ አፈር ነው። ወደ ፀሐይ ብይዘው ምንም ብርሃን አያሳልፍም። ነሐሴ ላይ አሳጥቤዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ የታጠበው ሞተሩ ነው፣ ፊልትሮውን የነካው የለም። አዲስ ገዛሁ።

ገመዱም ልክ እንደተባለው ነው። ወንድሜ ፔዳሉን ወለሉ ድረስ ረግጦ ምላሱ ከማቆሚያው ብሎን የጣት ውፍረት ያህል ይቀረዋል። አጠበቅነው። አሁን ይነካል።

ከዚያ ፍላንጁን ፈትተን ሞከርነው። ፊልትሮውና ገመዱ ከተስተካከሉ በኋላ ማለት ነው። በተፈታና በተገጠመ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነበር፣ ግን ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ማርሚታው ላይ አይደለም። ማርሚታውን አውርጄ ነቀነቅኩት፣ ውስጡ የተፈታ ነገር የለም፣ ዝገቱም የላይ ላይ ነው። የመሃሉ ቱቦ ግን ከካምቢዮው ኋላ ድንጋይ መትቶት ተጨፍልቋል። ኩታበር መንገድ ላይ አንድ ቀን የሰማሁት ኳኳታ እሱ መሆን አለበት። በእጄ ስዳስሰው ክቡ ሄዶ እንቁላል ሆኗል።

በያጅ ሸዋ በር ያለው ሁሉ ተደርጎ የመሃሉ ቁራጭ ብቻ ተቀየረ፦ ሁለት ተኩል ኢንች፣ ጥቁር ብረት፣ በሁለቱም ጫፍ ፍላንጅ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ)፣ አዲስ የጎማ ማንጠልጠያ። ማርሚታውና የኋላው ቱቦ የፋብሪካው ናቸው። ላሜራዎቹም ተመልሰዋል። ድምፁ ትንሽ ጎላ ብሏል፤ ሚኒሞ ላይ (ሳይረገጥ) ምንም የለም፣ ስረግጥ ብቻ ከሥር ይሰማኛል። ይበቃኛል።

ሰኞ ማታ ከኮምቦልቻ ተነሳሁ፣ ሦስት ሰው ጭኜ። ሐረጎን በሦስተኛ ጨረስኩት። ጭሱን በመስታወት እያየሁ ነበር የምወጣው፣ ጥቁሩ የለም። አባቴ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሁሌ መስኮት ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጥ ነበር፤ እኔም ከፈትኩት።

በያጅ_ሸዋ_በር
አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር፦ ሁለት ሳምንት ከነዳህ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የፍላንጁን ቡሎኖች እንደገና አጥብቃቸው። አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ይሟሽሻል። ከዚያ ጠዋት ሞተሩን እንዳስነሳህ፣ ቱቦው ሳይግል፣ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀባና አረፋ ካወጣ ንገረኝ።

ሳልቫቲዮ_ሙሉ
@የጦሳ_ሥር የመሃሉ ቁራጭ ስንት ሜትር ፈጀ? የጓደኛዬን ልናስተካክል ነው።

የጦሳ_ሥር
የእኔ ከፍላንጅ እስከ ፍላንጅ ሜትር ከሃያ ነው። የእናንተ ፓትሮል ስለሆነ ግን ሳትለኩ አትግዙ።